ዐቃቤ ሕጉ በመሃል ያቋረጠው የቅጣት አስተያየት

ወጣቱ ጥፋተኛ የተባለው የቀድሞ የሥራ ባልደረባውን በመደብደብ ነው። ከዚያ በፊት የወንጀል ሪከርድ አልነበረበትም። የፕሮቤሽን ባለሙያ (ከእስር ውጪ የሚቆዩ ጥፋተኞችን የሚከታተል) በመሆኔ፣ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት ኑሮውን አጥንቼ ሪፖርት እንዳቀርብ ፍርድ ቤቱ አዘዘኝ። እህቱ ዘንድ እየኖረ፣ አጎቱ ጋራዥ እየሠራ፣ ቅጣቱ ተገድቦለት፣ ማለትም እስር ቤት ሳይገባ፣ በእኛ ክትትል ሥር ቢቆይ ይሻላል ብዬ ጻፍኩ።

በቀጠሮው ዕለት ዐቃቤ ሕጉ ሪፖርቱን ይዞ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ገደቡን እንቃወማለን። ምክንያቱም የግል ተበዳይዋ አሁን የምትኖረው...» አለና ዝም አለ። የወረቀቱን ጠርዝ ሲያጥፍና ሲዘረጋ አየሁት። ለካ ሴትየዋ ከድብደባው በኋላ ቤት ቀይራ የገባችው ጋራዡ አጠገብ ኖሯል። ተከሳሹ ይህን አያውቅም። ዐቃቤ ሕጉ ንግግሩን ቢጨርስ ኖሮ እዚያው ያውቅ ነበር።

የእሷ አድራሻ ዐቃቤ ሕግ መዝገብ ውስጥ፣ የጋራዡ ደግሞ እኔ ፋይል ውስጥ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ አሠራር አልነበረንም።

ዳኛዋ አድራሻው በታሸገ ፖስታ እንዲቀርብ አዘዙ። ተከላካይ ጠበቃው ወዲያው ተቃወመ፤ ያላየሁትን ነገር እንዴት ልከራከርበት እችላለሁ አለ። እውነቱን ነው። በመጨረሻ ለደንበኛው ላይናገር ቃል ገብቶ እንዲያየው ተፈቀደለት። ካየ በኋላ የሰጠው ሐሳብ ማናችንም ያላሰብነው ነበር፦ ጋራዡን ብቻ ብትለውጡ ልጁ ምክንያቱን ይገምታል፣ መኖሪያውንም ሥራውንም አንድ ላይ ወደ ሌላ ሰፈር አዙሩት። ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቶን እንደዚያው አደረግን፤ ቅጣቱም ተገደበ።

ዳኛዋ ትእዛዙን ከመጻፋቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ። «እንዳይቀርባት ብናዝዝ፣ መቅረቡን በምን ታውቃላችሁ?» እሷ ካልነገረችን በቀር እንደማናውቅ በግልጽ መለስኩ። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ የእኛን ስልክ ቁጥር እንዲሰጣት፣ ጥሰት ሲኖርም እኛ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ እንድናሳውቅ በትእዛዙ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ከመጻፌ በፊት ለጥፋተኛው መኖሪያና ሥራ ያሰብኳቸውን አድራሻዎች፣ ሁልጊዜ ከአንድ በላይ አድርጌ፣ ለዐቃቤ ሕግ እልካለሁ። መልሱ «ይስማማል» ወይም «አይስማማም» ብቻ ነው፤ የተበዳይ አድራሻ ወደ እኔ አይመጣም። ግልባጩ ለጠበቃው ይደርሳል። ዳኛን ከችሎት ውጪ ማናችንም አናነጋግርም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ሪፖርቱን የዐቃቤ ሕግ ሰነድ ያደርገዋል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸውን አልንቀውም። በ1990 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቃቸው፣ ከእስር ውጪ ስላሉ እርምጃዎች የሚደነግጉት የቶኪዮ ደንቦችም እንዲህ ያለ ሪፖርት ከወገንተኝነት የጸዳ እንዲሆን፣ አስተያየት ከሆነም አስተያየትነቱ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃሉ። ለዚህ ነው የዐቃቤ ሕጉን መልስ በራሱ ርዕስ ሥር ለብቻው የማስቀምጠው፤ የእኔን የውሳኔ ሐሳብ ከሱ በኋላ፣ ከነምክንያቱ እጽፋለሁ።