በእቴጌዋ ሆቴል ለማደር፦ ክፍል አመራረጥ

የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥቶች ዕጣቸው ለየቅል ሆነ። ገነተ ልዑል ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ የምኒልክ ግቢ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጎብኚ ተከፈተ። ሁለቱም የሚጎበኙ እንጂ የሚታደርባቸው አይደሉም። የዚያን ዘመን ጣሪያ እያየ መተኛት የሚፈልግ ሰው ፒያሳ ወዳለው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ይሂድ። በ1898 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ያኔ ከፍሎ መብላት እንግዳ ነገር ስለነበር፣ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው አስለመዷቸው ይባላል።

በግቢው ውስጥ ከዋናው ታሪካዊ ሕንፃ ሌላም ክፍሎች አሉ፤ ታሪኩ ያለው ግን ዋናው ላይ ነው። ስለዚህ በስልክ ስትይዙ «ክፍሉ ከዋናው ሕንፃ ነው? ምድር ቤት ነው ፎቅ? ሻወሩ የግል ነው የጋራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓቱንም በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አረጋግጡ። ኢንተርኔት ላይ የመውጫ ሰዓት 12 ከተባለ ለእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው፤ ማታ 12 መስሎት የሚዘናጋ አይጠፋም። ከተቻለ ሳትከፍሉ በፊት ክፍሉን እዩ።

ፎቅ ወይስ ምድር የሚለው ቀላል ምርጫ አይደለም። የድሮ ቤት ወለል ጣውላ ነው። ጣውላ ከሥሩ ባዶ ስለሆነ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ከላያችሁ ያለው እንግዳ ሌሊት ሲነሳ እርምጃውን ትቆጥራላችሁ። ለእንቅልፍ ፎቅ ይሻላል። ለውኃ ግን ምድር ቤት ይሻላል። በከተማችን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሻወሩ የሚጠጣው ከሮቶ ነው፤ ግፊቱን የሚፈጥረው የሮቶው ከፍታ ብቻ ነው። በየ10 ሜትሩ 1 ባር ያህል ይገኛል፤ ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ 0.3 ባር ነው፣ ያ ደግሞ ቀጭን ፍሰት ነው። ክፍሉን ስታዩ ሻወሩን ከፍታችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፤ የዝገት ቀለም መጀመሪያ ላይ ወጥቶ ከጠራ አያሳስብም፣ ካልጠራ ሌላ ክፍል ጠይቁ።

ቦይለሩንም ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ሊትሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። 50 ሊትር በ60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ከቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል 90 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ይወጣዋል፤ በደቂቃ 8 ሊትር በሚያወርድ ሻወር 11 ደቂቃ ማለት ነው። ካለቀ 1,500 ዋት ያለው ቦይለር እንደገና ለማሞቅ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ሁለት ሰዎች ከሆናችሁ አንዱ ማታ፣ አንዱ ጠዋት ይታጠብ።

ጣሪያው ከፍ ያለ ክፍል ለዓይን ያማረ ነው፤ ሙቀቱ ግን ወደ ላይ ይወጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ አጥንት ይገባል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ቀን ጠይቃችሁ ያዙ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዞ መሄድ አይመከርም። 2,000 ዋት የውኃ ማፍያ ብቻውን በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል፤ 1,500 ዋት ማሞቂያ ሲጨመርበት 16 ይደርሳል። ያረጀ የሽቦ ዝርጋታ ይህን ላይችል ይችላል፤ ቆጣሪው ቢዘል መልካም፣ ካልዘለለ ሽቦው ይግላል። እዚህ ላይ መጨከን ያስፈልጋል፦ ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ክፉኛ ተጎድቷል። ደረቅ የመቶ ዓመት እንጨት ከተያያዘ ጊዜ አይሰጥም። መብራት ቢጠፋ ሻማ ሳይሆን የስልክ ባትሪ አብሩ፤ ከክፍላችሁ እስከ ደረጃው ያሉትን በሮች ሳትተኙ በፊት ቁጠሩ፣ በጭስ ውስጥ በእጅ ትዳስሳላችሁና።

የድምፅ ነገርም አለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ አይደለም፤ ወር በገባ በ23 ጠዋት ገና ሳይነጋ ቅዳሴው ይሰማል። ይህ ለብዙዎቻችን በረከት ነው። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ግን ቀኑን አይቶ ይያዝ፣ ወይም ወደ ጓሮ የሚያይ መስኮት ይጠይቅ።

በማግስቱ ስድስት ኪሎ ወጥታችሁ ገነተ ልዑልን እዩ፤ አሁን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ግቢ ነው። ብዙ ሰው የታችኛውን አይቶ ይመለሳል፤ ፎቅ ውጡ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ እንዳለ ተቀምጧል። መስታወቱ ፊት ስትቆሙ ከፊታችሁ ጎን አንድ የጥይት ቀዳዳ ታያላችሁ፤ የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር የተወው ነው።