«ደመወዛችሁን የሚፈርመው ማነው?»

እ.ኤ.አ. በ2013 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ካፌቴሪያ የፈረቃ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። በእኔ ሥር አሥራ አንድ ሰዎች ይሠሩ ነበር። ሰባቱ ሐበሾች ናቸው። ቁርስና ምሳ አብልተን ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ እንዘጋለን።

ኦክቶበር 1 ቀን መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። የተወካዮች ምክር ቤቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች ኦባማኬር የሚባለው የጤና መድን ሕግ በጀቱ ካልተሰረዘ ወይም ሕጉ ካልዘገየ የመንግሥትን በጀት አናጸድቅም አሉ። ሴኔቱን የያዙት ዴሞክራቶች ደግሞ አይሆንም አሉ። አዲሱ የበጀት ዓመት በዚያው ቀን ገባ። ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ የፌዴራል ሠራተኞች እቤት ተቀመጡ። የምናበላው ሰው ሲጠፋ እኛም አብረን ወጣን።

አባቴ በዚያ ሰሞን ከደብረ ማርቆስ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የወረዳ ሒሳብ ሹም ነበር። ዜናው ሲነገር «የእኛ ሐምሌ 1 እዚህ ኦክቶበር 1 ነው ማለት ነው» አለና ነገሩ ወዲያው ገባው። በጀት ሳይጸድቅ ካዝና እንደማይከፈት ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቅዳሜ ኦክቶበር 5 የተወካዮች ምክር ቤቱ እቤት ለተቀመጡት ሠራተኞች ደመወዛቸው ወደኋላ ታስቦ እንዲከፈል 407 ለ0 ድምፅ ሰጠ። በምንም የማይስማሙት ሰዎች በዚህ አንድ ሆኑ። እኔም ደስ ብሎኝ ስልኬን አነሳሁ። አሥራ አንዱም ጋ ደወልኩ። «አይዟችሁ፣ ደመወዛችን ይከፈላል፤ አርፋችሁ ጠብቁ» አልኳቸው።

ከመካከላቸው ሾርባ የሚሠሩት እትዬ አሉ። በዕድሜ እናታችን ናቸው። የእህታቸው ልጅ በሚሠራበት ፓርኪንግ የካሸር ቦታ አግኝቶላቸው ነበር። እኔን ካነጋገሩ በኋላ «ይቅርብኝ፣ ሥራዬ ደመወዜን ይከፍለኛል» ብለው መለሱት። ለሥራ አጥ ድጎማም ሳያመለክቱ ቀሩ። አለቃቸው ጠብቁ ብሏቸዋላ።

እሑድ አባቴን ይዤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ወረድን። ስሚዝሶንያን ሙዚየሞች በሙሉ ተዘግተዋል። ሊንከን መታሰቢያ ደረጃው ሥር አጥር ቆሟል። ብዙ ዓመት ሊያየው ሲመኝ የኖረውን ሐውልት አባቴ ከሩቅ አየው። ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

ሌላም ጭንቀት ነበር። የግምጃ ቤቱ ሚኒስቴር እስከ ኦክቶበር 17 የዕዳ ጣሪያው፣ ማለትም መንግሥት እንዲበደር የተፈቀደለት ከፍተኛ መጠን፣ ከፍ ካላለ መበደር አልችልም ብሏል። ጣሪያው ያኔ 16.7 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። እኔ ጣሪያው ከፍ ሲል መንግሥት አዲስ ወጪ የሚፈቀድለት ይመስለኝ ነበር። እንዲያ ብዬ ሳስረዳው አባቴ አቋረጠኝ።

«ወጪውን ያጸደቀው ማነው?»

«ራሱ ምክር ቤቱ።»

«እንግዲያው ይሄ ቀድሞ ለታዘዘ ወጪ የሚሆን ብድር ነው። በዱቤ በልተው ሲያበቁ ሒሳቡ ሲመጣ መጨቃጨቅ ማለት እኮ ነው ልጄ።»

ትንሽ ዝም ብሎ «የእናንተን ደመወዝ የሚፈርመው ማነው?» አለኝ።

«ኩባንያው።»

«ኩባንያው ገንዘቡን ከየት ያገኛል?»

«ከምንሸጠው ምግብ።»

«ምግብ ካልተሸጠስ?»

መልስ አልነበረኝም። 407 ለ0 የተባለው ለመንግሥት ሠራተኛ ነው። እኛ የኮንትራክተር፣ መንግሥት በውል የሚያሠራው የግል ኩባንያ፣ ሠራተኞች ነን። ዜናውን ደጋግሜ ሰምቼ ይህችን አንዲት ቃል አላጣራሁም።

ሰኞ ጠዋት ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ላልተሠራ ቀን ክፍያ የለም አሉኝ። ለአሥራ አንዱም ተመልሼ ደወልኩ። ከሁሉም የከበደኝ ለእትዬ መደወል ነበር። የፓርኪንጉ ቦታ በሰው ተይዟል። «አንተ ምን ታደርግ ልጄ» አሉኝ እንጂ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የቤት ኪራያቸው ቀን አልፎ ነበርና የእቁባችንን ዳኛ ለምነን የወሩ ዕጣ ለእሳቸው ዞረ።

ኦክቶበር 16 ማታ ሁለቱም ምክር ቤቶች ተስማሙ። ፕሬዚዳንት ኦባማ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ፈረሙ። የፌዴራል ሠራተኞች ወደ ሥራ ተመልሰው ያለፈውንም ተከፈላቸው። እኛ ወደ ሥራ ብቻ ተመለስን። ያንን ሁለት ሳምንት የከፈለን የለም። ጠዋት ቡና ከእኛ የሚገዙት የቢሮ ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር። ስነግራቸው ደነገጡ።

በ2018 መጨረሻ እንደገና ተዘጋ። 35 ቀን ቆየ። መሃል ላይ፣ በጃንዋሪ 2019፣ ወደፊትም መንግሥት በተዘጋ ቁጥር የፌዴራል ሠራተኛ ደመወዙ ወደኋላ እንዲከፈለው የሚያደርግ ሕግ ወጣ። የኮንትራክተር ሠራተኛ ግን በውስጡ የለም። ሳህን የሚያጥብና ወለል የሚጠርግ ሰው ነው የቀረው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በ2018 ከመዘጋቱ በፊት ባለው ዓርብ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰብኳቸው። ስለ ትራምፕም ስለ ምክር ቤቱም አላወራሁም። ኩባንያው ጋ ደውዬ ያገኘሁትን መልስ ነገርኳቸው። የሥራ አጥ ድጎማ ማመልከቻውን አትሜ ይዤ ነበር። እትዬ ወንበር ስበው ከፊት ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ከሽርጣቸው ኪስ አወጡና «እስክሪብቶ አለህ?» አሉኝ።