ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፤ በጣና ላይ ያየሁት አረንጓዴ

በጥቅምት መጨረሻ ማለዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ተነሣሁ። ነፋስ አልነበረም፤ ሐይቁ ረግቶ ተኝቶ ነበር። ከዘጌ የቡና ደን ሥር፣ ውኃው ወደ የብስ ገባ ከሚልበት ጥግ ስንደርስ፣ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ስስ ሽፋን አየሁ።

«ጋሼ፣ ይህ እምቦጭ ነው?» አልኩት ጀልባ ነጂውን።

«እምቦጭማ ቅጠል አለው፣ ልጄ። ይኸ እንደ ዱቄት ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ይበተናል፣ ማለዳ ደግሞ ይመለሳል።»

ሽማግሌው የገለጸው፣ ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ጠባይ ነው ብዬ አመንኩ። ሕዋሶቹ በውስጣቸው ጋዝ የያዙ ጥቃቅን ክፍሎች ስላሏቸው፣ ውኃው ሲረጋ እየተንሳፈፉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ቀላል ነፋስ ደግሞ እየገፋ ዳር ላይ ያከማቻቸዋል።

በክረምት ግልገል ዓባይና ሌሎቹ ገባር ወንዞች ከእርሻው ያጠቡትን አፈር ይዘው ሲገቡ፣ ከአፈሩ ጋር የተጣበቀው፣ ለባክቴሪያው ምግብ የሚሆነው ፎስፎረስም አብሮ ይገባል፤ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽም ይጨመርበታል። ነገር ግን ጭቃው ብርሃንን ስለሚጋርድ፣ ባክቴሪያው ምግቡ እያለለት እንደልቡ አይራባም። ዝናቡ አቁሞ ደለሉ ሲዘቅጥ ግን፣ በአማካይ ከ10 ሜትር በታች ጥልቀት ባለው ጣና ውስጥ ብርሃንና ምግብ ይገናኛሉ። እኔ ዘወትር በክረምቱ ድፍርስ ውኃ ሳዝን ኖሬአለሁ፤ የበጋው ጥራት ሊያሰጋ እንደሚችል ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ወደቡ ላይ አንዲት እናት ከዚያው አረንጓዴ ውኃ በጀሪካን ስትቀዳ አገኘኋት።

«እማማ፣ ይህን ለመጠጥ ነው?»

«አፈላዋለሁ፣ ልጄ።»

ማፍላት ብዙ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ባክቴሪያው የሚያመነጨውን፣ ማይክሮሲስቲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ግን አያጠፋም፤ እንዲያውም ሕዋሶቹ ሲፈነዱ በውስጣቸው ያለው መርዝ ወደ ውኃው ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘወትር መጠጥ ያስቀመጠው የመርዙ ከፍተኛ መጠን በሊትር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አረንጓዴ ሽፋን ሁሉ መርዛም ባይሆንም፣ በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል መራቁ ይሻላል። ይህን ሁሉ በቀላል ቃል ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የጉድጓድ ውኃ ካለም ከዚያ እንድትቀዳ ለመንኳት።

ጀሪካኑን ዘቅዝቃ ደፋችውና «ከብቶቹስ?» አለችኝ።

ከብትም እንደሚገድል ነገርኳት። ወዲያው ወደ ዳገቱ ዞራ፣ ላሞቹን ወደ ውኃው የሚነዳውን ልጅ እየተጣራች ሄደች።