ማኅተሙን ያቀበልኳቸው እኔው ነኝ

በአንድ አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ሥራዬ ጋዜጣዊ መግለጫ በፋክስ መላክ፣ ጋዜጠኛ መጋበዝና በማግስቱ አዲስ ዘመን ላይ የወጣውን ቆርጦ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል የከፈትነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ የሚባል ነገር የለም።

ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ አንድ ወዳጄ «ይህ የእናንተ ነው?» ብሎ አንድ ደብዳቤ በቴሌግራም ላከልኝ። ደንበኞች በሙሉ እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ድረስ ቀርበው እንደ አዲስ ካልተመዘገቡ አገልግሎታቸው እንደሚቋረጥ ይገልጻል። አርማው የእኛ፣ ማኅተሙ የእኛ፣ ፊርማውም የሥራ አስኪያጁ ስለሆነ ለአፍታ እኔም አምኜው ነበር። አጉልቼ ሳየው ግን የወጪ ቁጥሩ ከሁለት ወር በፊት በገጻችን የለጠፍኩት የጨረታ ማስታወቂያ ቁጥር ሆኖ አገኘሁት፤ በማኅተሙ ጠርዝ ላይ የፈሰሰችው ቀለም እንኳ ያችው ናት። እኔ ጥርት ባለ ስካን ስለለጠፍኩላቸው ለአጭበርባሪዎቹ የቀራቸው መካከሉን ፍቀው ሌላ ቃል መጻፍ ብቻ ነበር።

ማስተባበያውን በ10 ደቂቃ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ግን ስብሰባ ላይ ሆነው ስልካቸውን ዘግተዋል፤ ምክትላቸው «እሳቸው ሳያዩት አልፈርምም» አሉ፤ ማኅተሙ መዝገብ ቤት ተቆልፎበታል፣ ቁልፉን የያዙት ሠራተኛም ወደ ቤታቸው ሄደዋል። የገጹ የይለፍ ቃል በእጄ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ፈቃድ ስጠብቅ ማደሬን እስካሁን ለራሴ ይቅር አላልኩም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በራችን ሰልፍ ነበር። ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት የዓመታት የክፍያ ደረሰኝ በፌስታል ይዘዋል። ሐሰት መሆኑን ስነግራቸው «ታዲያ ማኅተም አለው እኮ፣ ልጄ!» አሉኝ። ምን ልመልስ? እዚያው ቆሜ ያለ ፈቃድ ለጠፍኩት።

የመረጃ ነፃነት አዋጁ (ቁጥር 590/2000) ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የመረጃ ጥያቄ መመለሻ እስከ 30 ቀናት ይሰጠዋል፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሐሰተኛ መረጃን ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። እኒያ እናት አንዱንም አልጠበቁም።

መመሪያችን ማንኛውም ማስታወቂያ ማኅተም ይረፍበት ይላል። እኔ ግን ለሙያ ባልደረቦቼ ማኅተምና ፊርማ ያለበትን ደብዳቤ በፍጹም አትለጥፉ፣ ቃሉን ብቻ ጽፋችሁ አውጡ እላለሁ። ለአስቸኳይ ማስተባበያም ሳይቸግራችሁ በፊት የጽሑፍ ውክልና አስፈርሙ፤ የእኛ አገር ስብሰባ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። የስድብ አስተያየትም አታጥፉ፤ እኔ በዚያች ሌሊት ጥቂቱን ባጠፋ «እውነት ባይሆን ለምን ያጠፋሉ?» የሚል ጎረፈብኝ።

ማስተባበያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተፈርሞ፣ ቁጥርና ማኅተም ተደርጎበት ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ዳር ላይ «ለሕዝብ ግንኙነት፦ በአስቸኳይ ይለጠፍ» ተብሎ ተመርቷል።