ከዋሽንግተን ሰማይ ሥር

ዛሬ ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ማናሳስ በሴስና 172፣ በትንሿ አውሮፕላን፣ ተነሳሁ። የዋሽንግተን ሰማይ ዘው ተብሎ የሚገባበት አይደለም። በከተማዋ 30 የባሕር ማይል ዙሪያ ለመብረር የበረራ ዕቅድ ማስገባት፣ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎቹ አውሮፕላኑን ራዳር ላይ የሚለይ ባለአራት አሃዝ ኮድ መቀበል፣ በሬዲዮ መገናኘት ግድ ነው። ወደ መሀል ሲጠጉማ ያለ ልዩ ፈቃድ አይሞከርም።

ብዙዎች ያማርራሉ። እኔ ግን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሳስገባ ደስ ይለኛል፤ መሬት ላይ የሚከታተለኝ ሰው አለ ማለት ነው።

በስተምዕራብ ከዚህ ክልል ስወጣ 1200 አስገባሁ፤ በዕይታ (በዓይን እያዩ) የሚበሩ የሚጋሩት የተለመደ ኮድ ነው። ከዚያ የብሉ ሪጅ ተራሮች ፊቴ ተዘረጉ። የሸናንዶዋ ወንዝ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ከላይ ማየት፣ ወይ ጉድ! ልቤ ጥፍት አለ።

አብራሪ ወገኖች፣ ከዋሽንግተን በ60 የባሕር ማይል ውስጥ በዕይታ ለመብረር የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) ልዩ ሥልጠና ግዴታ ነው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፤ ውሰዱትና አብረን እንብረር።