የጨርቁ ጋውን ይመለስልን
በቀዶ ጥገና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። መርፌና ስሪንጅ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራባቸው፤ በኤችአይቪና በሄፓታይተስ ቢ አልደራደርም። በቀዶ ጥገና ጊዜ ከላይ የምንደርበው ልብስ፣ ጋውኑ ግን? የጨርቁ ታጥቦ፣ ታሽጎ፣ ጀርም በሚገድለው ማሽን፣ በአውቶክሌቭ፣ በ121 ዲግሪ እንፋሎት 30 ደቂቃ ከቆየ እንደገና ያገለግላል። የሚጣለው ጋውን ግን ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል፣ ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ገብቶ፣ ለአንድ ቀዶ ጥገና ውሎ ወደ ማቃጠያው ይሄዳል። እዚያ ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ ከተሠሩ የሕክምና ቱቦዎች ጋር ከ800 ዲግሪ በታች ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዛማ ኬሚካል ይወጣል። ጭሱን የሚተነፍሱት የጽዳት ሠራተኞቻችንና ግቢ ውስጥ የሚያድሩት አስታማሚዎች ናቸው፤ ይህ ያንገበግበኛል። እርግጥ አጠባውም ውኃና መብራት ይበላል። መብራት ሲጠፋ አውቶክሌቩ ይቆማል፤ ያኔ የሚጣለውን ከመክፈት ሌላ ምርጫ የለንም። በጀት ሲያዝ መጀመሪያ ጄኔሬተሩና የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ይታሰቡ።