ትንፋሽ ሲወጣ

ዛሬ ማታ ዝናቡ እንዳባራ ካሜራዬን ይዤ ወጣሁ። ምክንያት አልነበረኝም። ሆዴ ሲባባ እንዲህ ያደርገኛል። አስፋልቱ ገና አልደረቀም፤ ታክሲ ባለፈ ቁጥር ቀይ መብራቱ መሬት ላይ ይፈስ ነበር። ጥጉ ላይ በቆሎ የምትጠብሰው ልጅ ከሰሏን በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች።

«ላንሳሽ?» አልኳት።

«እኔን ነው በቆሎውን?»

«ሁለታችሁንም።»

ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ አልያዝኩም። ማታ መንገድ ላይ ትራይፖድ ሲተከል ሰው ወይ ይኮሳተራል ወይ ይሸሻል። ስለዚህ ትከሻዬን የመብራት ምሰሶው ላይ አስደገፍኩ፤ ክርኖቼን ጎኔ ላይ አጣበቅኩ። ብርሃን በደንብ እንዲገባ ሌንሱን እስከ 1.8 ከፈትኩት፤ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 3200 አደረስኩት። ሌንሴ 50 ሚሊሜትር ስለሆነ በእጄ ይዤ ከ1/50 ሰከንድ በዘገየ ፍጥነት ማንሳት አልወድም። አይኤስኦው ሲጨምር ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል። ይሁን። አሸዋውን ዓይን ይለምደዋል፤ በእጅ መንቀጥቀጥ የመጣ ብዥታን ግን አይለምደውም። ትንፋሼን ቀስ ብዬ አስወጣሁና ቁልፉን ጫንኩ። ሦስት አራት ጊዜ አከታትዬ ነው የማነሳው። የመጀመሪያውን የጣት ግፊት ያናጋዋል፤ ከኋላ ካሉት አንዱ ብዙ ጊዜ ጥርት ይላል።

ትንፋሼን ሳስወጣ እማዬ ትዝ አለችኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የትንሣኤ ሌሊት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጧፍ ይዛ ቆማለች። ከጧፍ በቀር መብራት አልነበረም፤ ሸተሬ፣ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መጋረጃ፣ እስከ 1/10 ሰከንድ ድረስ ዘግይቷል። የሌንሱ ማረጋጊያ የኔን እጅ ያግዛል እንጂ እሷ ስትንቀሳቀስ ምንም አይፈይድም። 20 ያህል አነሳሁ። አንዱ ላይ ጣቷ ላይ ተንጠባጥቦ የረጋው ሰም ሳይቀር ይታያል። ፊቷ ጭጭ ያለ፣ ዓይኗ ጧፉ ላይ። እሱን አሳትሜ ሳሎን ሰቀልኩት። ሌላው ላይ ወደኔ ዞር ብላ ስቃለች። ጧፏን የያዘው እጇ ጥርት ብሏል፤ ፊቷ ግን እንደ ጭስ ተበትኗል። እዚያው እንደቆምኩ አጠፋሁት።

አሁን የምፈልገው እሱን ነው። እማዬ ጭጭ የምትል ሰው አይደለችም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያጽናናው በሷ ጨዋታ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ቅዳሴውን ከቤት በቴሌቪዥን ነው የተከታተለችው። ያንን ሳቅ በዚያ ብርሃን ድጋሚ አላገኘውም።

ባለፈው እሁድ ሳሎን ገብታ ፎቶውን ቆማ አየችው። «ምን ሆኜ ነው እንዲህ ያኮረፍኩት?» አለችኝ።

«ጸሎት ላይ ስለነበርሽ ነው» አልኳት። እውነት ነው። ግን የቀረውን አልነገርኳትም። ስቀሽ ነበር፣ ብዥ ስላለብኝ አጠፋሁት ብዬ ልንገራት?